የእትዬ ተርትሪው ካፖርት

እናቴ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የሰውን ፊት ሳይሆን የለበሰውን ልብስ ስፌት ነው። እሱንም ከውጭ አታየውም። ከተመቻት የእጅጌውን ጫፍ ገልበጥ፣ የኮሌታውን ሥር ቀና አድርጋ ውስጡን ትመረምራለች። ልጅ ሳለሁ በዚህ አመሏ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አንድ ቀን የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ስለ እኔ ጠባይ ሊነግሯት አስጠርተዋት፣ ገና ወንበር ሳትይዝ ጣቷን ኮታቸው ውስጥ ሰደደችና "ይሄን ማን ሰፋልዎት? ገበሩ እኮ ተኮማትሯል" አለቻቸው። ሰውየው ስለ እኔ ሊናገሩ ያሰቡትን ረስተው ስለ ልብስ ሰፊያቸው ሲያማርሩ ሰዓቱ አለቀ። ለዚህ ለዚህስ ጠቅሞኛል።

"ውጩንማ ካውያም ያሳምረዋል" ትለኛለች ስነጫነጭባት፤ "እውነቱ ያለው ውስጡ ነው።"

ይህን አመል ያስያዟት እትዬ ተርትሪው የሚባሉ ሴት ናቸው። እውነተኛ ስማቸው አይደለም። እሳቸው በሌሉበት ሠልጣኞቻቸው የሚጠሯቸው በዚህ ነው። እኔ ሴትዮዋን በአካል ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ቢሆንም፣ ስማቸው ቤታችን ውስጥ ከእኔ በፊት ገብቶ የተቀመጠ ነው። ሰው ፊት ሳወራ "እሳቸው" እላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን ለብዙ ዓመት "አንቺ ክፉ" ስላቸው ነው የኖርኩት። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

የልብስ ስፌት ቤት ነበራቸው። ረጅም መቁረጫ ጠረጴዛ፣ በእግር የሚረገጡ የስፌት መኪናዎች፣ የከሰል ካውያ፣ መስኮቱ አጠገብ ደግሞ አንድ የብረት መስቀያ። እዚያ ቤት ማንም ለማንም "ጎሽ" አይልም። ሠልጣኟ የሰፋችውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ታኖራለች። እትዬ ይገለብጡትና ውስጡን ያያሉ። ከወደዱት ቃል ሳይተነፍሱ መስቀያው ላይ ይሰቅሉታል። ካልወደዱት "ተርትሪው" ይላሉ። የቱ ጋ እንደተበላሸ አይነግሩም፤ ስትተረትሪ ታገኚዋለሽ ነው ነገሩ። የተተረተረው ክርም አይጣልም፤ ካርቶን ቁራጭ ላይ ተጠቅልሎ ልብሱን ለጊዜው ለማያያዝ ይቀመጣል። ምስጋናም ስድብም በሌለበት ቤት ሰው እንዴት እንደሚኖር እኔ አይገባኝም። እናቴ ግን ኖረችበት።

የገባችው እናቷ በሞተች ሰሞን፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ሴት ልጅ የማሳደግ ጣጣ ውስጥ መግባት አልፈለገም፤ ለእህቱ፣ ማለትም ለእናቴ አክስት፣ "የሆነ ቦታ ወስደሽ ሙያ አስይዢያት" አላት። አክስቷ እጇን ይዛ ወስዳ እትዬ ዘንድ አስቀመጠቻት። አልጋ ስላልነበረ ማታ ማታ መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር፣ የጨርቅ ቅዳጅ ላይ ትተኛ ነበር። ቅዳጁ በየቀኑ ስለሚለወጥ ዛሬ ሐር ላይ፣ ነገ ጆንያ ላይ ማለት ነው። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው።

አንድ ጊዜ የመኪናው መርፌ አመልካች ጣቷን ከነጥፍሯ በስቶ ገባ። እትዬ ተነስተው መጡ። የስፌት መኪናውን መዘውር በእጃቸው አዙረው መርፌውን አወጡት፣ ጣቷን በብጣሽ ጨርቅ አሰሩላትና "ልብሱን አርቂው፤ ደም አይለቅም" አሏት። ይህንንም እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። እኔ ግን ስቄላት አላውቅም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ካፖርት ሰጧት። እዚያ ቤት ካፖርት የሰፋች ሠልጣኝ ጨረሰች ይባላል፤ መቀሷን ይዛ ትወጣለች። ግራጫ፣ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ነው። እናቴ ሰፋችው። እትዬ ገለበጡት፣ ኮሌታውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና "ተርትሪው" አሉ። ተረተረች። እንደገና ሰፋች። "ተርትሪው።" ከእሷ ኋላ የመጡ፣ ቀጥ ያለ መስመር እንኳ መስፋት የማይሆንላቸው ልጆች ካፖርታቸው ተሰቅሎላቸው ወጡ። የእሷ ብቻ ቀረ። ኮሌታውን በህልሟ ሳይቀር እስክትሰፋው ድረስ ደጋገመችው። ጨርቁ ከመተርተር ብዛት ጠርዝ ጠርዙ ሳሳ።

አንድ ማለዳ፣ ደንበኞች ቤቱን ሞልተውት ሳለ፣ እትዬ ያንኑ ካፖርት ገልብጠው ያንኑ ቃል ተናገሩ። እናቴ ደሟ ፈላ። ካፖርቱን አሽቀንጥራ መሬት ላይ ጣለችውና በሰው ፊት "እጅዎ ይቆረጥ!" አለቻቸው። በለበሰችው ልብስ ወጣች፤ አልተመለሰችም።  ስትወጣ በመስኮቱ መስታወት ያየችው ነገር ቢኖር፣ እትዬ አጎንብሰው ካፖርቱን ሲያነሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ አንዱም ቀላል አልነበረም። ራቅ ያለ ከተማ ሄዳ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ገባች። ለዓመታት የሰፋችው የግራ ኪስ ብቻ ነው። የቀኝ ኪስ የሚሰፋው ሌላ ሰው ነበር። ከእሱ ጋር አልተነጋገረችም፤ ከእኔ አባት ጋር ግን ተነጋገረች፣ እሱም እኔን አስታቅፏት ላይመለስ ወጣ። ቀጥላ አንድ ክፍል ተከራይታ የራሷን ስፌት ቤት ከፈተች፤ ከፊት መኪናው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋችን። ሠልጣኞችም ተቀበለች። እትዬን ለማናደድ ይመስል፣ እሳቸው የማያዩትን እልህ ተያይዛ፣ ሠልጣኞቿን ለትንሹም ለትልቁም "ጎሽ!" ትላቸው ነበር። ከአንዳቸውም ልብስ ሰፊ አልወጣም።

እኔ መርፌ መያዝ እምቢ አልኩ። ያሳደገኝን መኪና ድምፁን እንኳ አልወደውም ነበር። ተምሬ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። እናቴ ነጩን ጋዋኔን ገልብጣ አይታ ራሷን ነቀነቀች።

ነገሩ የተገለበጠው አክስቷ ስትታመም ነው። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴና እኔ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠን ሳለ፣ አክስቷ ከመሬት ተነስታ "ያቺ ሴትዮ አለች?" አለች።

"የቷ?" አለች እናቴ።

"ልብስ ሰፊዋ።"

"ምን አውቄላት! አፈር ይብላት።"

"እንዲህ አትበይ" አለች አክስቷ። ትንፋሿ ይቆራረጥ ስለነበር ቃሉን አንድ አንድ እያደረገች ነው የተናገረችው። "እሷ ባትኖር የአንድ የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ነበርሽ። አባትሽ ሊድርሽ ቃል ሰጥቶት ነበር። ሰውየው ሚስቱ ሞታበታለች፤ በዕድሜ ከአባትሽም ይበልጣል። 'ሙያዋን ትጨርስና ትወስዳታለህ፤ ካፖርት የምትሰፋ ሚስት ታገኛለህ' አለው። አባትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ሴትዮዋን 'ካፖርቱ አለቀ?' ይላታል። እሷ ደግሞ 'ኮሌታው ጠማማ ነው' ትለዋለች።"

እናቴ ወደ አልጋዋ ጠጋ አለች።

"ኮሌታው ጠማማ ነበር?" አለች።

"እኔ ኮሌታ አውቃለሁ? ምክንያቱን ነው የምነግርሽ።"

"እና ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

"ወንድሜ ነዋ!" አለች አክስቷ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ወንድሜን በልጁ ፊት ላዋርደው? ከሞተ በኋላ ደግሞ… እንጃ። ተረሳኝ።"

ተረሳኝ! የሰው ሕይወት ነው የተረሳት። እኔ ልናገር ስል እናቴ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ። አክስቷ በዚያው ሳምንት አረፈች።

ቤት ስንመለስ እናቴ መኪናዋ ፊት ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘረጋቻቸው። ጣቶቿ ያን ጊዜ መጣመም ጀምረው ነበር። የመገጣጠሚያ በሽታ ነው፤ አንጓዎቹ ያብጣሉ፣ ጣቶቹ ወደ ጎን ይጋደማሉ፣ ጠዋት ጠዋት ጭራሽ አይታዘዙም። ሐኪሙ ከባድ ጨርቅ እንዳትነካ ነግሯታል።

"እጅዎ ይቆረጥ ብያቸው ነው የወጣሁት" አለች። "እርግማኔ አድራሻ ተሳስቶ እኔው ዘንድ መጣ።"

"በሽታ ነው እማዬ። እርግማን የሚባል ነገር የለም።"

"አንቺ ክኒንሽን ሽጪ" አለችኝ።

ሴትዮዋ በሕይወት መኖራቸውን ከአንድ የድሮ ሠልጣኝ አጣራሁ። ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን መንገድ ነው። "ይኸው አሉ፤ ነገ እንሂድና የምትያቸውን በያቸው" አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ባይቆጠርልኝ ይህ ይቆጠርልኝ።

"ባዶ እጄን?"

"አፍ የለሽም? አመሰግናለሁ ማለት ነው እኮ።"

"እዚያ ቤት በአፍ አይነገርም" አለች። "ሰፍተሽ ነው የምታስቀምጪው።"

ግራጫ የሱፍ ጨርቅ ገዝታ መጣች። ያንኑ ካፖርት፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ኮሌታ ልትሰፋላቸው ነው። ለማን ይሆናል አላልኳትም። በአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ልክ የተቆረጠ ካፖርት ለአንዲት አሮጊት ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ክረምቱን ሙሉ እሱ ላይ ዋለች። መቀሱ ሲከብዳት በሁለት እጇ እየያዘች ቆረጠች። እኔ ከመድኃኒት ቤት ቅባትና ማስታገሻ አመጣለሁ፤ እሷ ቅባቱ ጨርቁን ይነካዋል ብላ ማታ ብቻ ትቀባለች። መርፌ ሲገባላት ክሩ አይገባላትም፣ ክሩ ሲገባላት ጣቷ አይታጠፍላትም። ስፌቱ አለቀ ብዬ ወጥቼ ስመለስ ኮሌታው ተተርትሮ ክሩ ካርቶን ላይ ተጠቅልሏል።

"እማዬ፣ አፈር ስሆን፣ ይበቃል! ያምራል እኮ!"

"ውስጡን አይተሻል?"

"ሴትዮዋ ይሞቱብሻል እያልኩሽ ነው!"

"አይሞቱም" አለች ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ። "ይሄን ሳያዩ አይሞቱም።"

ዛሬ ነገ ሲባል ክረምቱ ወጣ፤ ከዚያም ብርዱ መጣ። በመጨረሻ አንድ ቀን ካፖርቱን ገልብጣ ዳሰሰችው፤ ተነሳችና መስኮታችን ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ጀምሮ መርፌ መያዝ አቃታት። ያ የመጨረሻ ሥራዋ ነበር፤ እሷም አውቃዋለች፣ እኔም አውቄዋለሁ፣ ሁለታችንም አላወራነውም።

በማግስቱ ሄድን። በር የከፈተችልን የእትዬ ምራት ናት፤ በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ፣ እርጥብ አንሶላ ክንዷ ላይ ጥላ። ማን መሆናችንን ስንነግራት አንሶላውን ይዛ ቆማ ቀረች።

"እርስዎ ነዎት ልጅቷ?" አለቻት እናቴን። "ወይኔ እናቴ! አምና ቢመጡ እኮ ያውቁዎት ነበር። አምና ስለ እርስዎ ነበር ወሬያቸው ሁሉ፤ 'ያቺ ልጅ ትመጣለች' ይሉ ነበር። ከብርዱ ወዲህ እንኳን እርስዎን፣ የወለዱትን ልጃቸውንም አያውቁም።"

እናቴ የምትይዘው ያጣች ይመስል ካፖርቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አምና። ነገ እንሂድ ያልኩበት ጊዜ ነው። ያን ዕለት ባዶ እጇን ብትመጣ ኖሮ ያውቋት ነበር። የገዛ ካፖርቷ ነው ያስቀራት። ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔም "ብዬሽ ነበር" አላልኩም። ለአንድ ጊዜ አፌን ያዝኩ።

ምራቲቱ ወደ ውስጥ አስገባችን። መስኮቱ መጋረጃ የለውም፤ ትራሱ ልብስ የለውም፤ ሽንት ሽንት የሚል፣ በሳሙና የታሸ ጠረን ክፍሉን ሞልቶታል። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የለበሱት መሃሉ ተቀዶ አንገት የወጣለት ብርድ ልብስ ነው።

"ስፌት ያለው ነገር አይተርፋቸውም" አለች ምራቲቱ እያፈረች። "ቀሚሳቸውን፣ መጋረጃውን፣ የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ሳይቀር ተርትረውታል። መቀስ ነፈግናቸው፤ በጥፍራቸው ያዙት። ሰው ተንከባክበው አልያዟቸውም ይለኛል። ምን ላልብሳቸው?" እንባዋ መጣ፤ በአንሶላው ጠረገችው። ለዚያች ሴትም አዘንኩላት።

እናቴ ጠጋ ብላ ተንበረከከች። ካፖርቱን አልጋው ላይ፣ ፊታቸው ዘረጋችላቸው። መንገድ ሙሉ ስታጠናው የመጣችው ቃል ነበራት፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አውቶቡስ ውስጥ አይቻለሁ።

እትዬ ካፖርቱን አዩት። ያ የተሸበሸበ እጃቸው ወጣና ገለበጠው። ገበሩን ዳሰሱ፣ እጅጌውን ዳሰሱ፣ በአውራ ጣታቸው ኮሌታውን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት።  የእናቴ ፊት የልጅ ፊት ሆነ።

ድንገት ፊታቸው ተለዋወጠ። ያየሁት ፍርሃት ነው።

"ማነው የጨረሰው?" አሉ። "ማነው ይሄን የጨረሰው? አባትየው ሊመጣ አይደል! ቅዳሜ አይደለም ዛሬ?" ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ኮሌታውን ይቦጫጭሩት ጀመር።

ምራቲቱ ደንግጣ "ኧረ ይተዉ እማማ! ሥራዋ እኮ ነው!" ብላ ልትነጥቃቸው ስትል እናቴ ክንዷን ያዘቻት።

"ተያቸው" አለች። "ተያቸው፤ ገብቶኛል።"

እኔም ያኔ ነው የገባኝ። እኒህ ሴት ቀሚስና መጋረጃ የሚተረትሩት ስላበዱ ብቻ አልነበረም። ቤት ውስጥ አንድም ያለቀ ነገር እንዳይገኝ ነው። ቅዳሜ አባትየው ይመጣላ።

"እትዬ" አለች እናቴ። "አባቷ አይመጣም። ሞቷል። እኔ ነኝ እኮ፤ ልጅቷ ነኝ። መጣሁ።"

እትዬ ቀና ብለው አዩዋት። ሽበቷን አዩ፣ የተጣመሙ ጣቶቿን አዩ።

"አንቺማ አሮጊት ነሽ" አሉ። "የእኔዋ ልጅ ናት።"

መልሰው ኮሌታው ላይ አቀረቀሩ። የአንዱ ጣታቸው ጥፍር ተሸርፎ ደም ቋጥሯል። እናቴ እጃቸውን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ትንሿን መተርተሪያዋን አወጣችና መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ክረምቱን ሙሉ በዚያ እጅ የሰፋችውን፣ ሁለተኛ የማትሰፋውን ካፖርት የሚፈታ ብረት በገዛ እጇ ሰጠቻቸው። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ማየት አልቻልኩም።

እትዬ መተርተሪያውን አጥብቀው ያዙ። ክሩ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ተበጠሰ።

"ልጅቷ ናት የላከችኝ" አለች እናቴ፣ ድምጿን አስተካክላ። "ሄዳለች። ሩቅ አገር ናት፤ አባቷም ያ ሰውዬም አያገኟትም።"

"ሄደች?" እጃቸው ቆመ። "ሳትነግረኝ?"

"ሳትነግርዎት። ክፉ ቃልም ተናግራ። ይቅርታ በይልኝ ብላለች።"

"እሰይ" አሉ እትዬ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "እሰይ። ሄደች። ደግ አደረገች።" ትንሽ አሰቡና "ለማንኛውም" ብለው መተርተራቸውን ቀጠሉ።

"እግዜር ይስጥልኝም በይልኝ ብላለች።"

"ለምኑ?"

"ለኮሌታው።"

እትዬ ሳቅ አሉ። ጥርስ አልነበራቸውም። ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ይመስል "ምን ጠማማ ነበረበት ብለሽ ነው?" አሉ። "ገና በመጀመሪያው ቀን ቀጥ ያለ ነበር። እኔም እንደሱ አልሰፋም።" ከዚያ በመተርተሪያው ጫፍ አስጠነቀቋት። "እንዳትነግሪያት ታዲያ።"

"አልነግራትም እትዬ" አለች እናቴ።

እጅጌው እስኪለቅ አብራቸው ተቀመጠች። እሳቸው ይተረትራሉ፣ እሷ በማይታዘዙት ጣቶቿ ክሩን ካርቶን ላይ ትጠቀልላለች። ምራቲቱ ሻይ አምጥታ በረደ። ስንወጣ እትዬ ቀና ብለው አላዩንም፤ ሥራ ይዘው ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ እናቴ መስኮቱን ስታይ ቆየችና "ምን አሉ?" አለችኝ።

"መች?"

"ስለ ኮሌታው።"

"በመጀመሪያው ቀን ቀጥ ያለ ነበር አሉ።"

"እስቲ እንደገና በይው።"

እንደገና አልኩት። ቤት እስክንደርስ ስንት ጊዜ እንዳስባለችኝ አላውቅም። በየመሃሉ ታለቅሳለች።

ብዙም ሳይቆይ ምራቲቱ ደወለች። እትዬ አርፈው ተቀብረዋል፤ በጥድፊያው እኛን የሚያስታውስ አልነበረም። ካፖርቱን ተርትረው ከጨረሱ በኋላ ሌላ ነገር አልነኩም አለችን። መጋረጃ ሰቀልን፣ ዝም አሉት፤ ቀሚስ አለበስናቸው፣ ዝም አሉት። ምግቡንም እንዲሁ ዝም አሉት። እፎይ ብለው ነው ወይስ ሥራ አጥተው፣ እሷም አታውቅም፣ እኛም አናውቅም። እናቴ ካፖርቱን ባልወሰድኩላቸው የምትልበት ቀን አለ፤ እንኳን ወሰድኩላቸው የምትልበትም ቀን አለ። የመጀመሪያው ይበዛል።

ጨርቁ በአንድ ፌስታል ተመልሶልናል፤ እጅጌው፣ ጀርባው፣ ገበሩ፣ ኮሌታው፣ ሁሉም በየልኩ ተጣጥፎ፣ ክሩም በካርቶን ላይ ተጠቅልሎ። መንገዳችን ላይ ያለው ልብስ ሰፊ "ልግጠምላችሁ" ቢል እናቴ እምቢ አለች። መኪናዋ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋበታለች።

አሁን ጠዋት ጠዋት የሹራቧን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ጣቶቿ አይችሉም። በቀደም ፊቷ ተንበርክኬ ስቆልፍላት እነዚያ የተጣመሙ እጆች ጭኗ ላይ ተጋድመው አየኋቸው፤ ያሳደጉኝ፣ ያስተማሩኝ፣ ነጭ ጋዋን ያስለበሱኝ። እኔም የምሰፋው ነገር የለኝም፤ አልችልም። አፌ ብቻ ነው ያለኝ። እትዬ ዘንድ እንደሆነው ሁሉ ዘግይቼ እንዳልደርስ ፈራሁ።

"እግዜር ይስጥልኝ እማዬ" አልኳት።

"ለምኑ?"

ከየት እንደምጀምር ፈለግሁ። እናቴ አየችኝ። ከዚያ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ ሹራቧን ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው።

"አንድ ቁልፍ ዘለሻል" አለችኝ። "ፍቺውና ከላይ ጀምሪ።"